አንድ ዜና ይዘሽ ሰንብቺ

የደረሰን ደብዳቤ፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባንኮክ መኖር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራዬ ከአገር ቤት ለሕክምና የሚመጡ ሰዎችን ሆስፒታል ማድረስና ማስተርጎም፣ አልፎ አልፎም ፕራቱናም ገበያ ልብስ ለሚገዙ ነጋዴዎች ዋጋ መከራከር ነው። ታይኛዬ የገበያና የታክሲ ነው፤ ፊደሉን ተምሬ ቀስ እያልኩ አነባለሁ። እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት ነው፤ ሐኪሙ ሲፈጥን ግማሹ ያመልጠኛል። ጓደኛዬ ሁለቱንም በዜና ተማሪ አለችኝና በየቀኑ አምስት ስድስት ዜና በእንግሊዝኛ፣ ያንኑ ያህል በታይኛ እየከፈትኩ የማላውቀውን ቃል ሁሉ እጽፋለሁ። ደብተሩ ሞልቷል፤ በጭንቅላቴ ግን የቀረ ነገር የለም። ዕድሜዬ አልፎ ይሆን? ወይስ አንዱን ቋንቋ ልተው? ብተውስ የትኛውን? ፍ. ነኝ፣ ከባንኮክ።»

ውድ እህቴ ፍ.፣

ዕድሜሽን ተዪው፤ የአእምሮሽም ጉዳይ አይደለም። ችግሩ የዜናው ብዛት ነው። በቀን አሥርና አሥራ ሁለት ዜና ስትከፍቺ የምርጫውን፣ የጎርፉን፣ የእግር ኳሱንና የወርቅ ዋጋውን ቃላት በአንድ ጀምበር ትቀላቅያለሽ። በማግሥቱ ርዕሱ ሁሉ ሌላ ነውና ትናንት የጻፍሽው ቃል ተመልሶ አያገኝሽም። ቃል የሚያዘው ሲመላለስ ነው። ዛሬ በርዕሱ፣ ነገ በአንቀጹ መሐል፣ ከነገ ወዲያ በባለሥልጣኑ አፍ ሲመጣ፣ በአራተኛው ቀን መዝገበ ቃላት ሳትከፍቺ ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ አንድ ዜና ምረጪ፤ በሁለቱም ቋንቋ ተከተዪው፤ ጋዜጦቹ እስኪተዉት አትተዪው።

አንድ ዜና ብቻ ብይዝ ቃላቱ ያልቁብኛል ብለሽ አትስጊ። የመሬት መንቀጥቀጡን አስታውሺ። መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ ከቀኑ 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ምያንማር ውስጥ ማንዳላይ አጠገብ በመለኪያው 7.7 የደረሰ መንቀጥቀጥ ተነሣ። ባንኮክ ከዚያ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ግን ከተማዋ የተሠራችው በለስላሳ ጭቃማ አፈር ላይ ስለሆነ ፎቆቹ ተወዛወዙ፤ ቻቱቻክ አካባቢ በግንባታ ላይ የነበረ 30 ፎቅ ገደማ ያለው የመንግሥት ኦዲት መሥሪያ ቤት ሕንፃም ተደረመሰ። አንቺም ያን ጊዜ እዚያው ነበርሽና ታሪኩን ማንም ሊያስረዳሽ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ቀን ቃል «ፔን ዲን ዋይ» ነበር፤ «ፔን ዲን» ምድር፣ «ዋይ» መንቀጥቀጥ። እንግሊዝኛው ኧርዝኩዌክ ይላል፤ በርዕስ ላይ ሲሆን ያሳጥረውና ኩዌክ ብቻ ይለዋል። ተከትሎ የሚመጣውን ትንሽ መንቀጥቀጥ እንግሊዝኛው አፍተርሾክ ሲለው ታይኛው ያንኑ ወስዶ «አፍተቾክ» አደረገው፤ በነፃ ያገኘሽው ቃል ነው። በሁለተኛው ቀን ዜናው ወደ ሕንፃው ዞረ፦ «ትክ» ሕንፃ፣ «ታሎም» መደርመስ፣ «ሳክ» ፍርስራሽ፣ «ኮን ሃ» ፍለጋ፣ «ኩ ፓይ» የነፍስ አድን ሥራ፣ «ፑ ሮት ቺዊት» በሕይወት የተረፈ ሰው። በእንግሊዝኛው በኩል ኮላፕስ፣ ራብል፣ ትራፕድ፣ ሰርች ኤንድ ሬስኪው፣ ሰርቫይቨር። እነዚህ ቃላት ለሳምንታት በየቀኑ ተመላለሱ።

ከዚያ ደግሞ ዜናው መልኩን ለወጠ። ሰዎቹ በፍርስራሹ ውስጥ ገና እየተፈለጉ ብረቱ ደረጃውን ያልጠበቀ ነው ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። «ሌክ» ብረት፣ «ፑ ራፕ ማው» ሥራ ተቋራጭ፣ «ትሩአት ሶፕ» ምርመራ፣ «ቱትጃሪት» ሙስና፣ በኋላም «ማይ ጃፕ»፣ የእስር ማዘዣ። ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ማንበብ የጀመረ ሰው በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ የግንባታ፣ የፖሊስና የፍርድ ቤት ቃላት ይዞ ወጣ ማለት ነው፤ ያውም ሰዎቹንና ቦታውን እያወቀ፣ በቀን ጥቂት ቃል ብቻ እየጨመረ። አንድን ዜና ይዞ የመሰንበት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ታሪኩ ራሱ እየመራ ወደማታውቂው መስክ ያስገባሻል፤ አንቺ ግን ባዕድ አገር የገባሽ አይመስልሽም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ዜናው በአማርኛ የተነገረ ከሆነ ቀድመሽ በአማርኛ ስሚው። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ምን እንደተፈጠረ ያወቀ ሰው የቃሉን ትርጉም ይገምታል፣ ያልገባው ግን በቃልም በታሪክም ይጨነቃል። የአገሩ ውስጥ ዜና ሆኖ አማርኛው ዘንድ ካልደረሰ በእንግሊዝኛው ጀምሪ። ባንኮክ ፖስት ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚታተም ጋዜጣ ነው፤ ታይ ፒቢኤስ የተባለው የሕዝብ ጣቢያ ደግሞ በታይኛም በእንግሊዝኛም ስለሚያወጣ አንድን ጉዳይ በሁለቱም ለማግኘት ይመቻል። እንግሊዝኛውን አንብበሽ ስትጨርሺ የታይኛውን ርዕስና የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ አንብቢ። ለመጀመሪያው ወር ከዚያ አትለፊ።

ጆሮሽን ለማስለመድ ደግሞ የቻናል 3ን የጠዋት ፕሮግራም «ርአንግ ላው ቻው ኒ»ን ክፈቺ። በሶራዩት ሱታሳናቺንዳ የሚታወቀው ይህ ዝግጅት ዜናውን በጋዜጣው ደረቅ ቋንቋ አያነብም፤ ሰው ለሰው እንደሚያወራ አድርጎ ይተርካል። የጋዜጣውን ቃል በዓይንሽ አይተሽ፣ ተራ ሰው ያንኑ ነገር እንዴት እንደሚለው እዚያ ትሰሚዋለሽ። ሁለቱ እንደሚለያዩ ካልተገነዘብሽ በኋላ ችግር ያመጣብሻል፤ እመለስበታለሁ።

ርዕሶች ላይ ቆም እንበል፤ ደብተርሽን ከሞሉት ቃላት ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ይመስለኛል። የርዕስ ቋንቋ በሁለቱም ወገን ለብቻው የሚጠና ነው። የታይ ጋዜጣ «ዳፕ 3 ጄፕ 5» ብሎ ሲጽፍ ሦስት ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ ማለቱ ነው። «ዳፕ» በተለመደው ንግግር መብራት ወይም እሳት ጠፋ የሚባልበት ቃል ነው፤ ርዕስ ላይ ለሰው ሞት ይውላል። «ጄፕ» ቆሰለ፣ «ጃፕ» ያዘ ወይም አሠረ፤ በአናባቢ ብቻ ስለሚለያዩ ተጠንቀቂ። «ፐይ» ማለት ገለጸ፣ «ያን» አጥብቆ አረጋገጠ፣ «ቺ» ጠቆመ፣ «ሳንግ» አዘዘ፣ «ሬንግ» አፋጠነ። እነዚህን ስምንት ቃላት ብቻ ብትይዢ የማንኛውም ቀን ርዕስ ግማሽ መንገድ ድረስ ይከፈትልሻል።

ምኅጻረ ቃላቱም አሉ። «ቶ ሞ»ን ቪዛ ስታሳድሺ ስለምትሄጂበት ታውቂዋለሽ፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ነው። «ኮ ሮ ሞ» የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፣ «ኮ ቶ ሞ» ደግሞ ባንኮክ ራሷ። ታይዎች ሰውን በቅጽል ስም የመጥራት ልማዳቸውን ጋዜጣው ላይም ይዘውት ይመጣሉ። ከ2014 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጄኔራል ፕራዩት ቻን-ኦ-ቻ ርዕስ ላይ «ቢግ ቱ» ነበሩ፤ በ2025 ሥልጣን የያዙት አኑቲን ቻርንቪራኩን «ኑ» ይባላሉ፣ አይጥ ማለት ነው፤ በዚያ አገር ደግሞ ስድብ አይደለም። መዝገበ ቃላት ውስጥ ስትፈልጊ የምታጪው ቃል አንዳንድ ጊዜ የሰው ቅጽል ስም ነው። ይህን ማወቅ ብቻውን ብዙ ድካም ይቀንስልሻል።

የባንኮክ የእንግሊዝኛ ጋዜጣም የራሱ ወግ አለው። ሙስናን ከራፕሽን ከማለት ግራፍት ማለት ይቀናዋል፣ ሕገ መንግሥቱን ቻርተር፣ ምርጫን ፖልስ ይላል። ምርመራ ፕሮብ ነው፣ መያዝ ናብ፣ የዋጋ ጭማሪ ሃይክ፣ የሟቾች ቁጥር ቶል። ትናንት የሆነውን በአሁን ጊዜ ግስ ይጽፋል፤ «ፒኤም ቱ ቪዚት» ሲል ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ገና ወደፊት ሊጎበኙ ነው ማለቱ ነው። እነዚህን አጫጭር ቃላት ስታነቢ እወቂያቸው እንጂ ሐኪም ፊት አትናገሪያቸው፤ ለጋዜጣ ዓምድ ጥበት ሲባል የሚመረጡ ናቸው፣ በአፍ ብዙም አይነገሩም።

አሁን ወደ ታይኛው ጽሑፍ ልግባ። በቃልና በቃል መካከል ክፍተት አለመኖሩ እንደሚያስጨንቅሽ እገምታለሁ። ክፍተት የሚተዉት ሐረግ ወይም ዓረፍተ ነገር ሲያበቃ ነው፤ ለስም የሚሆን ትልቅ ፊደልም የላቸውም። ስለዚህ ምልክቶቹን ፈልጊ። ዜና ላይ ከሰው ስም በፊት «ናይ»፣ «ናንግ» ወይም «ናንግ ሳው» አይጠፋም፤ አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት እንደማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ረጅም ነገር ስም ነውና አትታገዪው። «ጃንግዋት» ካየሽ የክፍለ ሀገር ስም እየመጣ ነው፣ «አምፐ» ካየሽ የወረዳ። ስሞቹን እንዲህ ለይተሽ ብታስቀምጪ የሚቀረው ጽሑፍ ካሰብሽው ያንሳል።

እኛ ፊደል ላይ ያደግን ሰዎች እዚህ ጥቂት እንጠቀማለን። የታይ ፊደል 44 ተነባቢዎች አሉት፤ እንደኛው ተነባቢውን መሠረት አድርጎ አናባቢውን በላዩ፣ በሥሩ፣ በፊቱ ወይም በኋላው ይለጥፋል። ሌላው ዕድል ሳድሳችን ነው። «ትክ» የሚለው ቃል ውስጥ ያለውን አናባቢ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለብዙ ጊዜ ይቸገርበታል፤ ለእኛ ግን ሳድሱ በጣም ይቀርበዋል። ችግራችን ድምፀቱ ነው። አምስቱን የድምፅ ከፍታዎች ግዕዝ ፊደል አይጽፋቸውም፤ በትንፋሽ የሚወጣውንና ያለ ትንፋሽ የሚወጣውን «ፕ»፣ «ት»፣ «ክ»ም አይለያቸውም። እኔ እዚህ በፊደላችን የምጽፍልሽ ለመንገድ ያህል ነው። «ማይ» ብዬ ብጽፍ እንደ ድምፀቱ አዲስ፣ አይደለም፣ እንጨት፣ ሐር ወይም መቃጠል ሊሆን ይችላል። «ፋይ ማይ»፣ የእሳት ቃጠሎ፣ ከዜና የማይጠፋ ቃል ነው፤ በተሳሳተ ድምፀት ብትዪው የሚሰማሽ ሰው ግራ ይጋባል። ስለዚህ ደብተርሽ ላይ የታይኛውን ቃል በታይ ፊደል ጻፊ። በአማርኛ ፊደል የጻፍሽው ሁሉ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ድምፁን ይዞብሽ ይጠፋል፤ ደብተሩ ሞልቶ ጭንቅላትሽ ባዶ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ እንዳይሆን እፈራለሁ።

የዜና ታይኛ ከገበያው ታይኛ ለምን እንደሚከብድ አማርኛ ተናጋሪ በቀላሉ ይረዳዋል። የእኛ ዜና ጠበቅ ሲል ወደ ግዕዝ እንደሚጠጋ፣ የእነሱም ወደ ጥንታዊዎቹ የህንድ ቋንቋዎች፣ ወደ ፓሊና ሳንስክሪት፣ ይጠጋል። እነዚህ ቃላት ረጃጅም ቢሆኑም ዘር ዘር ስላላቸው ሲገጣጠሙ ይታወቃሉ። «ራት» መንግሥትን ወይም አገርን ይመለከታል፤ «ራታባን» መንግሥት፣ «ራታሳፓ» ፓርላማ፣ «ራታሞንትሪ» ሚኒስትር፣ «ራታታማኑን» ሕገ መንግሥት፣ «ራታፕራሃን» መፈንቅለ መንግሥት። አንዱን ስትይዢ አራቱ ተጎትተው ይመጣሉ። «ፑ» ደግሞ ባለ ድርጊቱን ሰው ያመጣል፦ «ፑ ፑአይ» ታማሚ፣ «ፑ ዶይሳን» ተሳፋሪ፣ «ፑ ቶንግ ሃ» ተጠርጣሪ፣ ቅድም ያየነው ከአደጋ የተረፈውም እንዲሁ። ከቃል ይልቅ እንዲህ ያለውን ዘር መያዝ ይሻላል።

አንዳንዱማ ጭራሽ ከአማርኛው ጋር ይገጥማል። ሐምሌ 2017 ታይላንድና ካምቦዲያ ድንበር ላይ ሲዋጉ ማሌዥያ ላይ የተደረሰበትን ስምምነት ታይኛው «ዩት ዪንግ» አለው፤ «ዩት» አቁም፣ «ዪንግ» ተኩስ። ሰዓቱ ደግሞ ይበልጥ ያስደስታል። ታይዎች ምሽቱን ሲቆጥሩ «ንንግ ቱም» ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ «ሶንግ ቱም» 2 ሰዓት፣ እያለ እስከ «ሃ ቱም» 5 ሰዓት ድረስ ከእኛ ጋር አንድ ነው። እንግሊዛዊ ጎረቤትሽ ስድስት ሲደመር እየተባለ የሚማረውን አንቺ ከእናትሽ ቤት ይዘሽው መጥተሻል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንለያያለን፤ የጽሑፍ ዜናውም በ24 ሰዓት ቆጠራ ነው የሚጽፈው። ዓመቱ ከአውሮፓው በ543 ይበልጣልና 2568 ብለው ሲጽፉ 2025 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ 2017፣ ከመስከረም ወዲህ 2018። የወሩ ስም በ«ኮም» ካለቀ 31 ቀን አለው፣ በ«ዮን» ካለቀ 30።

ትልቅ አደጋ እስኪመጣ አትጠብቂ፤ አይምጣም። እየተደጋገሙ የሚመጡ ትናንሽ ዜናዎች ለጀማሪ ይበልጥ ይረዳሉ። ብዙውን ጊዜ በየወሩ 1ኛና 16ኛ ቀን የመንግሥት ሎተሪ ይወጣል፤ ቁጥሮቹ በድምፅ ሲነበቡ መጻፍ ለቁጥር ጥሩ ልምምድ ነው፣ ቲኬቱን መግዛት አያስፈልግሽም። የታይ አዲስ ዓመት፣ የሶንግክራን በዓል፣ ከኤፕሪል 13 እስከ 15 ሲደርስ «ጄት ዋን አንታራይ» የሚባል ዜና አለ፣ ሰባቱ አደገኛ ቀናት ማለት ነው፤ በየቀኑ የመንገድ አደጋው፣ የቆሰለውና የሞተው ሰው ቁጥር በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይነገራል፣ የሚለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው። ለፕራቱናም ሥራሽ ደግሞ የባት (የታይ ገንዘብ) እና የዶላር ምንዛሬ ዜና ይጠቅምሻል። በወሩ መጨረሻ ምንዛሬውን ለነጋዴዎቹ በሁለቱም ቋንቋ ያለ ችግር ትነግሪያቸዋለሽ።

ለዋናው ሥራሽ ግን የምመርጥልሽ የጤና ዜና ነው። የዝናቡ ወቅት ሲገባ በየዓመቱ በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት ዜና ይመጣል። ታይኛው «ካይ ልአት ኦክ» ይለዋል፤ «ካይ» ትኩሳት፣ «ልአት» ደም፣ «ኦክ» መውጣት። ከዚያው ዜና «ዩንግ» ትንኝ፣ «አካን» የሕመም ምልክት ወይም ያለበት ሁኔታ፣ «ክሌት ልአት» የሚባለው ፕሌትሌት፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል፣ ይመጣሉ። «ልአት»ን ያወቀ ሰው «ትሩአት ልአት» ሲባል የደም ምርመራ መሆኑ ይገባዋል፤ «ቦሪጃክ ልአት» ደም መለገስ ነው፣ ደም ሲያጥር በዜና የሚሰማ ቃል። ልብ ብለሽ ከሆነ «ትሩአት» ቅድም በሕንፃው ምርመራ ውስጥ ነበር፤ ፖሊስ «ታምሩአት» የተባለውም ከዚሁ ዘር ነው። በእንግሊዝኛው በኩል ሲምፕተም፣ ፕሌትሌት ካውንት፣ ስቴብል (የተረጋጋ)፣ ክሪቲካል ኮንዲሽን (አስጊ ሁኔታ) የሚሉትን ከነአጠገባቸው ቃል ያዢያቸው። ሐኪሙ ሲፈጥን የሚያመልጥሽ ቃሉ ብቻ አይደለም፣ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ አለማወቅሽም ነው።

እዚህ ላይ እመለስበታለሁ ያልኩትን ላንሣ። በዜና የተማርሽውን ቃል ሁሉ ወደ ሆስፒታል ይዘሽ አትግቢ። ስለ ሰው ሞት ጋዜጣው «ዳፕ» ይላል፤ ዜና አንባቢው «ሲያ ቺዊት» ይላል፣ ሕይወቱን አጣ፤ በሰው ፊት በአክብሮት ሲነገር «ሲያ» ብቻ ይበቃል። ለመነኩሴ ሌላ ቃል አለ፣ ለንጉሥና ለንግሥት ደግሞ «ሳዋናኮት»። ንጉሥ ቡሚቦል በ2016፣ ንግሥት ሲሪኪት በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ የተነገረው በዚህ ቃል ነው። አማርኛም ሞተና አረፈ እያለ ስለሚለይ ነገሩ አይጠፋሽም፤ ግን የሟች ቤተሰብ ፊት ቆመሽ የርዕሱን ቃል ብትዪ አንቺ ሳታውቂው ትጎጂያቸዋለሽ። ምሽት 2 ሰዓት ላይ በሁሉም ጣቢያ የሚተላለፈው የቤተ መንግሥት ዜና በልዩ የንጉሣዊ ቃላት የተሞላ ነውና ለጊዜው እለፊው።

ከዚሁ ጋር አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ብዙ ሰው ስለማይነግርሽ ነው። በታይላንድ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 112 መሠረት ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን፣ አልጋ ወራሹን ወይም እንደራሴውን መሳደብ ለእያንዳንዱ ጥፋት ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ለቋንቋ ልምምድ ብለሽ ስለ ቤተ መንግሥቱ በሚወጣ ዜና ሥር አስተያየት አትጻፊ፣ ወሬም አታጋሪ። ማንበብ ይበቃል።

ሕክምና ላይ ስታስተረጉሚም ገምተሽ አትተርጉሚ። የመድኃኒት መጠን ወይም የቀዶ ሕክምና ነገር ሆኖ ግማሹ ካመለጠሽ «ፑት ቻ ቻ ኖይ ካ»፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይናገሩ በዪ፤ ካልሆነም በጽሑፍ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ፤ የሆስፒታሉ አስተርጓሚ ካለ ይጠራ። በሽተኛው አገሩን ትቶ ባንቺ ቃል ተማምኖ ነው የተቀመጠው። ድገሙልኝ ያለች አስተርጓሚ ክብሯ አይቀንስም።

ስለ ደብተሩ። የሞላውን አስቀምጪውና አዲስ ጀምሪ። አንድ ገጽ ለአንድ ዜና ስጪ፤ በቀን ከአምስት ቃል አትለፊ። ቃሉን ብቻውን አትጻፊው፣ ያገኘሽበትን አጭር ሐረግ በታይኛ፣ ያንኑ ጉዳይ የእንግሊዝኛው ጋዜጣ ያለበትን ሐረግ ከጎኑ፣ ከሥሩ ደግሞ የአማርኛውን። የእንግሊዝኛው የታይኛው ትርጉም መሆን የለበትም፤ ሁለት ጋዜጠኞች አንድን ነገር በየቋንቋቸው እንዴት እንዳሉት ማየት ነው የሚጠቅምሽ። በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩን ዘግተሽ ዜናውን ለአንድ ሰው ተርኪ፦ አንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ በታይኛ፣ ሦስት ሦስት ዓረፍተ ነገር። የጎደለሽ ቃል የቱ እንደሆነ ያን ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ የሚቀጥለው ሳምንት አምስት ቃላትሽ ከዚያ ይጀምሩ።

አንዱን ልተው ወይ ላልሽው፣ አትተዪ። እንግሊዝኛውን ብትተዪ ታይኛውን የምትማሪበት መሻገሪያ ይጠፋሻል፤ እንደ ሎንግዶ ያሉት መዝገበ ቃላት ከታይኛ የሚያሻግሩሽ ወደ እንግሊዝኛ ነው፣ የሆስፒታሉም ወረቀት የተጻፈው በሁለቱ ነው። ታይኛውን ብትተዪ ደግሞ ከነርሷና ከመዝገብ ቤቷ ጋር እንግዳ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ነገር ግን እኩል ጊዜ አትስጫቸው። ለአሁኑ እንግሊዝኛውን ለማንበብና ታሪኩን ለመረዳት፣ ታይኛውን ለጆሮና ለአፍ አድርጊው፤ ከቀኑ ጊዜሽ የሚበልጠው ለታይኛው ይሁን፣ ምክንያቱም እንግሊዝኛው ሥራሽ ላይም ቢሆን በየቀኑ ያገኝሻል።

ከሰኞ ጀምሪ። የደንጊውን ዜና በእንግሊዝኛ አንድ፣ በታይኛ አንድ አውጪና ርዕሶቹን ገጹ አናት ላይ ገልብጪ። «ካይ ልአት ኦክ»ን፣ «አካን»ንና «ክሌት ልአት»ን በታይ ፊደል ጽፈሽ፣ በሽተኛ አድርሰሽ በምትጠብቂበት ሰዓት ሥራ ያልበዛባትን አንዲት ነርስ ጮክ ብላ እንድታነብልሽ ለምኛት፤ ከፈቀደች በስልክሽ ቅጂው።